ስኳር ያልነካው ኮክ

ኦገስት 24፣ 1997
ከመንደር፣ ወደ ተሰሎንቄ

ልጄ ካቱና፣

እንዴት ከርመሻል? አሮጊትሽስ እንዴት ናት? አሁንም ሾርባው ጨው አነሰው እያለች ታስቸግርሻለች? እኛ ደህና ነን። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆንኩም። ኑጻም ደህና ናት። ላሚቱም ደህና ናት። ጎረቤታችን ላማራ እንኳ ደህና ናት፤ አሁንም አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ለማን እንደምጽፍ እያየች ነው።

ሁለት ደብዳቤ ልከሽ ጁላይን ሙሉ ድምፄ መጥፋቱ አስከፍቶሻል። ብትከፊ እውነትሽን ነው። ምን ላድርግ፣ ሙቀቱ ዘንድሮ ፍሬውን ሁሉ ባንድ ላይ አበሰለው። ቼሪው ሳያልቅ አፕሪኮቱ ደረሰ፤ አፕሪኮቱን ሳልጨርስ ኮኩ ቅርንጫፍ መስበር ጀመረ። እጄ ከድስት አልወጣም። ምራት ግሪክ፣ ልጅ ሩሲያ፣ ለቀማው ለአሮጊት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

በሾፌሩ በጎቻ አውቶቡስ ዐሥራ ሁለት ጠርሙስ ልኬልሻለሁ። በዛዛ አሮጌ ሹራቦች ጠቅልያቸዋለሁ፤ ልጄ ለቤቱ ባይጠቅምም ሹራቡ ይጥቀም። ስትከፍቺው ግን እንዳትገረሚ፤ ዘንድሮ ስኳር አላደረግኩበትም። ገበያ ያለው ስኳር እርጥብና ግራጫ ነው፤ ጆንያው ውስጥ ምን እንደተቀላቀለበት እግዜር ይወቅ። ኮኩ ደግሞ ራሱ ማር ነው። ስለዚህ በፈላ ውኃ ነከር አድርጌ ላጥኩት፣ ለሁለት ከፍዬ ፍሬውን አወጣሁለት፣ ከዚያ ከራሱ በተጨመቀው ውኃ ሞላሁና ሎሚ ጠብ አደረግኩበት። ጠርሙሶቹን ድስት ውስጥ ቀቅዬ፣ ክዳናቸውን ጠምዝዤ፣ ደፍቼ በብርድ ልብስ ሸፍኜ አሳደርኳቸው። መልኩ ትንሽ ገርጥቷል እንጂ አይበላሽም። አንዴ ከተከፈተ ግን ቶሎ ጨርሺው፤ ያለ ስኳር ብዙ አይቆይም።

ኑጻ ረጅም ደብዳቤ ያልጻፈችልሽ ኩታይሲ እኅቴ ኤቴሪ ዘንድ ሰንብታ ገና መመለሷ ስለሆነ ነው። ደክሟታል። ከታች አንድ መስመር አስጽፌያታለሁ።

አማትሽ ዡዡና

እማ፣ ኮኩን የላጥኩት እኔ ነኝ። አልቀመስኩም። ኑጻ


ሴፕቴምበር 19፣ 1997
ከተሰሎንቄ፣ ወደ መንደር

የማከብርዎት እናቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎን በምን እያሹት ነው? ጎቻ ጠርሙሶቹን ራሱ ደረጃውን ወጥቶ አመጣልኝ። አንዱ መንገድ ላይ ተሰብሮ የዛዛን ሹራብ አጥቦታል፤ ሌሎቹ ደህና ናቸው። ክዳኑን ከፍቼ ሽታው ሲወጣ ቁጭ አልኩ። ወንበር እንኳ አልፈለግኩም፤ ወለሉ ላይ።

ኑጻ «አልቀመስኩም» ያለችው ምን ማለቷ ነው? ኮክ ስትልጥ ያልቀመሰች ልጅ እኔ አላውቅም። ተቀጥታ ነው? እባክዎ፣ ጥፋት ብታጠፋም ለእኔ ሲሉ በፍሬ አይቅጧት። እኔ የማልደርስበት ቅጣት ያስጨንቀኛል።

አንድ ነገር ልንገርዎት። አሮጊቷ፣ እመት ስታማቲያ፣ ስኳር እንዳለባት ጽፌልዎት ነበር። ጠዋትና ማታ መርፌዋን የምወጋት እኔ ነኝ። ማርመላታ ስታይ እንደ ሕፃን ነው የሚያደርጋት። ከእርስዎ ኮክ በሰሃን ሰጠኋት። በላችና ሰሃኑን አንስታ ጭማቂውን ጠጣችው። ከዚያ፣

«ካቲና» አለችኝ፤ ስሜ እስከ ዛሬ አልያዘላትም፤ «በቤታችሁ ስኳር ያለበት ማን ነው?»

«ማንም የለም፣ እመት።»

«አለ እንጂ። ፍሬ እንዲህ አድርጎ የሚያሽግ ሰው ለሆነ ሰው ብሎ ነው። እናቴ ለአባቴ እንደዚህ ታደርግለት ነበር።»

«አይ፣ አገራችን ያለው ስኳር ተበላሽቶ ነው።»

«እሺ። ስኳሩ ተበላሽቶ ነው» አለችና ሳቀችብኝ።

እኔም ሳቅሁ። ሰሃኑን ሳጥብ ግን ሳቄ ጠፋ። እናቴ፣ የታመመው ማን ነው?

ኑጻን ግንባሯን ሳሙልኝ። ፎቶዋን እንዲልኩልኝ ስለምን ከረምኩ፤ አልሰለችም፣ አሁንም እለምንዎታለሁ።

ካቱና


ኦክቶበር 14፣ 1997
ከመንደር፣ ወደ ተሰሎንቄ

ካቱና ልጄ፣

እንደምን አለሽ? አሮጊትሽ ብልህ ናት። ከብልህ ሰው ጋር መኖር ከባድ ነው፤ እግዜር ያበርታሽ።

ሳልነግርሽ መቅረቴን ይቅር በይኝ። እኔ ነኝ። ስኳር ያለብኝ እኔ ነኝ። ጁላይ ላይ ተገኘብኝ፤ ድምፄን ያጠፋሁትም ለዚህ ነው። አትደንግጪ። በዚህ ዕድሜ ያልታመመ ማን አለ? ላማራ ሐሞት አለባት፣ ቄሱ ልብ አለባቸው፣ ለኔ ስኳር ደረሰኝ፤ መንደሩ ተከፋፍሎታል።

የምትቸግረኝ መድኃኒቷ ብቻ ናት። የወረዳዋ ሐኪም ሲኖራት ትሰጣለች፣ ሲጠፋ «በሚቀጥለው ሳምንት» ትላለች። ባለፈው ሳምንት አልነበራትም። የሚቀጥለው ሳምንት እስኪመጣ ምን እንደዋልኩ አትጠይቂኝ። ከአሮጊትሽ የሚተርፍ ነገር ካለ፣ አፍሬ ነው የምልሽ፣ ላኪልኝ። በአንቺ ላይ ሌላ ሸክም መሆኔ ነው።

ወይኑን ለቀምን። ላማራ ቹርችኼላ ሠራች፤ የመንደሩ ልጆች ድስቱን ከበው፣ ዋልነቱ በክር እየተሰካ ጭማቂው ውስጥ ሲነከር ጣታቸውን ሲልሱ ዋሉ። ኑጻ አልሄደችም። «አያዬ ካልበላች እኔም አልበላም» ትላለች ለሚጠይቃት ሁሉ። ደግ ልጅ ናት። አንዳንዴ ደግነቷ ያስፈራኛል።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ይዞ ትብሊሲ ገባ፤ ሲመለስ አስነሣታለሁ።

ዡዡና


ኖቬምበር 23፣ 1997
ከተሰሎንቄ፣ ወደ መንደር

የማከብርዎት እናቴ፣

ምነው እናቴ! ምነው ሦስት ወር ሙሉ! እኔ ለባዕድ ሴት ሐኪም ሆኜ ስውል እርስዎ መድኃኒት ያጣሉ? ልቆጣዎት ፈልጌ አቃተኝ። በጎቻ እጅ የላክሁትን ተቀበሉ። እመት ስታማቲያ ሐኪሟ ብዙ ያዝላታል፣ ይተርፋታል፤ «ለኮኳ ባለቤት» ብላ በገዛ እጇ ጠቀለለችው። «አላልኩሽም?» እያለች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኮራችብኝ።

መብራት ስለሚጠፋባችሁ ብልቃጦቹን ከምድር በታች ከወይን ጓዳው ያስቀምጧቸው፤ እዚያ ቀዝቃዛ ነው። እንዳይበርድባቸው ደግሞ በሱፍ ይጠቅልሏቸው፤ በረዶ ከነካው አይሆንም። ምግብ ሳይቀርብ እንዳይወጉ። ላብ ላብ ካለዎትና እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ይቅመሱ። ለኑጻም ይህን ያስተምሯት፤ ቤት ያለችው እሷ ናት። ስንት ዩኒት እንደሚወስዱ ይጻፉልኝ፤ በዚያ ልክ እንድልክ።

አሁን የከበደኝን ልጻፈው። ለኑጻ ለፋሲካ እመጣለሁ ብያት ነበር። ወረቀት እንደሌለኝ ያውቃሉ፤ ድንበሩን አንዴ ከወጣሁ ወደዚህ መመለስ የለም። እኔ ከመጣሁ ይህን መድኃኒት ማን ይልካል? ዛዛ አይልክም። ስለዚህ አንድ ዓመት እጨምራለሁ። ይህን ለእርስዎ ብዬ ነው የማደርገው፣ ደስ ብሎኝም ነው፤ እናት ሆነውኛል። ለኑጻ ግን እርስዎ ይንገሯት። እኔ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

ካቱና


ጃንዋሪ 18፣ 1998
ከመንደር፣ ወደ ተሰሎንቄ

ልጄ፣

እንኳን ለገና አደረሰሽ፣ ቢዘገይም። መንገዱን በረዶ ዘግቶት ጎቻ ሁለት ሳምንት ቀረ።

መድኃኒቱ ደርሶኛል። እጅሽን እስማለሁ። ለአሮጊትሽ በማያልቅ ዕድሜ ያቆይሽ በያት። እንዳልሽው ጓዳ ውስጥ በሱፍ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፤ ከወይኑ ይልቅ እሱን ነው አሁን የምጠብቀው። ጠዋት ስምንት እወስዳለሁ፣ ማታ አምስት። መርፌዎቹ ግን ረዘሙብኝ። አጫጭርና ቀጫጭን ካለ ላኪልኝ። ቆዳዬ ስስ ሆኗል።

ለኑጻ ነገርኳት። «አንድ ዓመት?» አለች። «አንድ ዓመት» አልኳት። ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ጓዳው ውስጥ ከወይን ጋኖቹ መሐል ተቀምጣ አገኘኋት። «ለመድኃኒቱ ብላ ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲያስ በኔ ነዋ» አለች።

ይህን የመጨረሻውን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ልጅ የማትለው የለም፤ እርሺው። ቁመቷ ጨምሯል። ንባብ ላይ ከክፍሉ አንደኛ ናት።

ዡዡና


ፌብሩዋሪ 10፣ 1998
ከተሰሎንቄ፣ ወደ መንደር

እናቴ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ስምንትና አምስት ብለው ጻፉልኝ። እመት ስታማቲያ ጫጩት የምታክል ሴት ናት፣ እርስዎ ደግሞ እጥፏ ነዎት፤ እሷ አርባ ትወስዳለች። ሐኪም ነው የሚያውቀው ብዬ ራሴን ዝም አሰኘሁት። ከዚያ ያሉኝን መርፌ ልገዛ ፋርማሲ ሄድኩ።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ ሻጯ።

«ማን?»

«ልጅሽ። ይሄ የልጅ መርፌ ነው።»

«ለአማቴ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። «ዘጠኝ» አልኳት። ዘጠኝ የሚለው ነው የወጣው።

መርፌዎቹን ልኬያለሁ። ኑጻ «እንግዲያስ በኔ ነዋ» ያለችውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አይጠይቁኝ። እውነቱን ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

ካቱና


ማርች 5፣ 1998
ከመንደር፣ ወደ ተሰሎንቄ

ልጄ፣

ኮኩ ውስጥ ስኳር የለም ብዬሽ ነበር። ስኳሩ ልጅቱ ላይ ነው።

ይኸው አንድ መስመር። ለአንቺ ይበቃል፤ ለኔ ግን ስለማይበቃኝ ቀሪውንም ልጻፈው።

ጁን ላይ ውኃ ውኃ ማለት ጀመረች። ሙቀቱ ነው አልኩ። ከዚያ አልጋዋን አረጠበች። በዘጠኝ ዓመቷ! ተቆጣኋት ካቱና። ላማራ እንዳታይ አንሶላውን ከቤት ኋላ እያሰጣሁ፣ «እናትሽ ብትሰማ ምን ትላለች?» አልኳት። እየከሳች ሄደች። የከሳ ልጅ ምን ይደረጋል? ይመገባል። አምና ያሸግኩትን፣ ያን ስኳር የጠገበውን ኮክ፣ ጠርሙስ በጠርሙስ ከፈትኩላት። «ጠማኝ አያዬ» ስትል ውኃውን ትቼ ጭማቂውን ቀዳሁላት። ደስ እያላት ትጠጣው ነበር። በእጄ። በገዛ እጄ።

አንድ ጠዋት ብጠራት ብጠራት አልነቃ አለች። የላማራ ባል በጭነት መኪናው ከተማ ሆስፒታል አደረሰን። ሦስት ቀን ዓይኗን አልገለጠችም። ሐኪሟ «ምን ስታበይያት ነበር?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። እስከ ዛሬም አልሰጠኋትም፤ ላንቺ ነው አሁን የሰጠሁት። ኩታይሲ አልሄደችም። ኤቴሪ ዘንድ የሚባል ነገር የለም።

ቤት ስንመለስ በስኳር የታሸገውን ሁሉ ከዛፎቹ ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ ደፋሁት። ንቡ ሁለት ቀን ግቢውን አልለቀቀም። ከዚያ የዘንድሮውን ኮክ ያለ ስኳር አሸግኩ። ብርዱ ሲመጣ ሌላው ልጅ ማርመላታ ሲልስ እሷም ከጠርሙስ የሚወጣ ነገር ይኑራት ብዬ ነው። ሐኪሟ ትንሽ ትንሽ፣ ተለክቶ፣ ብላ ፈቀደችላት። ስናሽግ ግን ፈርታ አልቀመሰችም። እኔም ፈርቼ ቅመሺ አላልኳትም።

ለምን ደበቅሁሽ? መጀመሪያ «ትዳንና እጽፋለሁ» አልኩ። ስትድን «ካወቀች ሁሉን ጥላ ትመጣለች፣ ከመጣች መመለሻ የላትም፣ መድኃኒቱ ከየት ይመጣል?» አልኩ። ይሄ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። ልጄ ጥሎሽ ሄደ። አንቺ ግን የእሱን እናት አምነሽ ልጅሽን ሰጠሽኝ። የቀረችኝ ኩራት «ልጅሽን ጠበቅኩልሽ» ማለት ነበረች። ያቺን ኩራት ማጣት አቃተኝ። ከዚያ «እኔ ነኝ የታመምኩት» አልኩ፣ መድኃኒቱ መጣ፣ ይሄማ ሠራ አልኩ። አንቺ ግን በውሸቴ ላይ አንድ ዓመት ጨመርሽበት። ያንን ደብዳቤ ሳነብ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ኑጻን አትቆጪያት። አትንገሪ ያልኳት እኔ ነኝ። አሁን አንዳንዴ ራሷን ትወጋለች፣ ሆዷ ላይ። አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ዡዡና


ማርች 30፣ 1998
ከተሰሎንቄ፣ ወደ መንደር

ዡዡና፣

አንቺ እልሻለሁ። «እርስዎ» ለማለት አፌ እሺ አላለኝም።

ልጄ ስትታመም እኔ ለማላውቃት ሴት ጠዋትና ማታ መርፌ እወጋ ነበር። እንዳያማት እዘፍንላታለሁ፤ ለኑጻ የምዘፍንላትን ዘፈን። ለልጄ ማን ዘፈነላት?

«ተቆጣኋት» ያልሽውን አንብቤ ደብዳቤሽን ወደ መስኮቱ ወረወርኩት። ከዚያ አንስቼ እንደገና አነበብኩት። ጭማቂውን ስለቀዳሽላት አይደለም የምቆጣሽ። ብኖር እኔም እቀዳላት ነበር፤ እኔም ማን ነገረኝ? የምቆጣሽ ስምንት ወር ሙሉ ልጄ ደህና ናት ብለሽ ስላስተኛሽኝ ነው። ልጅቱን ውሸት አስተማርሻት። «በኔ ነዋ» እስክትል አደረስሻት።

ጁላይ ላይ የት እንደነበርኩ አስታወስኩ። የስታማቲያ ልጅ ሁለታችንን ወደ ባሕሩ ወስዶን ነበር። እግሬን ውኃ ውስጥ ከትቼ አይስክሬም በላሁ። እናት ልጇ ሲታመም ይሰማታል ሲሉ ሰምቼ አምን ነበር። እኔ ምንም አልተሰማኝም። አይስክሬሙ ጥሞኝ ነበር። ካንቺ ውሸት ይልቅ ይሄ ነው አላስተኛ ያለኝ።

እመጣለሁ። ለሆሳዕና ከጎቻ ጋር እደርሳለሁ። ስታማቲያ ስነግራት አለቀሰች፣ ሰደበችኝ፣ ከዚያ ካላት መድኃኒት ግማሹን አውጥታ ሻንጣዬ ላይ አስቀመጠችው። ልጇንም በየወሩ ይልክ ዘንድ አስማለችው። ይልክ አይልክ እንጃ። አሁን ያንን ማሰብ አልችልም።

ቀኑን ለኑጻ አትንገሪያት። ድንበር ላይ ብያዝና ብቀር ሌላ ቀን ቆጥራ እንዳታጣኝ።

ካቱና


ኦገስት 9፣ 1998
ከመንደር፣ ወደ ኩታይሲ

እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ኤቴሪስ? ሦስት ደብዳቤ ጽፌ «ደህና ነኝ፣ ለእኔ አታስቡ» የሚል ብቻ ነው የመለስሽልኝ። ስለዚህ ሳትጠይቂኝ እነግርሻለሁ።

ለሆሳዕና ስደርስ ቤቱ ተወልውሎ፣ ዳቦው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ላማራና ኑጻ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ድንበር መሻገራችሁን ሰማችና፣ ጠዋት ልጅቱን ወግታ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እኅቷ ሄደች» አለችኝ ላማራ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ያኔ «እሰይ» ነው ያልኩት። ፊትሽን ማየት አልፈልግም ነበር።

ኑጻ አልሮጠችልኝም። ተነስታ እጇን ዘረጋችልኝ፣ እንደ እንግዳ። እስከ ጁን «ካቱና» እያለች ነበር የምትጠራኝ። መርፌዋን በር ዘግታ ነው የምትወጋው። አንድ ቀን በሩን አንኳኩቼ «ላግዝሽ» ብላት፣ «አንቺ የግሪኳን ሴትዮ ነው የምትወጊው» አለችኝ። ደጅ ወጥቼ እንጨት ፈለጥኩ። የሚፈለጥ እንጨት አልነበረም፤ የአጥሩን ነው የፈለጥኩት። ላማራ እስከ ዛሬ ትስቃለች።

ከዚያ ኮኩ ደረሰ። የመጀመሪያውን ድስት ብቻዬን ልሠራ ብዬ ትኩሱን ጭማቂ ባዶው ጠርሙስ ላይ ባፈስስበት ጧ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ኑጻ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«አያዬ ጠርሙሱን መጀመሪያ በእንፋሎት ታሞቀዋለች» አለች።

«ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«አሁን ጠየቅሁሽ።»

መጥታ እጄን ያዘችና ጠርሙሱን ማንቆርቆሪያው አፍ ላይ እንዴት እንደሚያዝ አሳየችኝ። ሁለተኛውን ድስት አብረን ሠራን። እሷ ትልጣለች፣ እኔ እሞላለሁ። አንድ ግማሽ ኮክ አንስታ ለካችና በላችው፤ አሁን አትፈራም። ከራት በፊት መርፌዋን ይዛ መጣችና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ክንዷን ሰጠችኝ። ወጋኋት።

«ዝም ብለሽ ነው የምትወጊው» አለች። «አያዬ ስለ ላማራ ታማልኛለች። ስቄ ሳልጨርስ ያልቃል።»

እኔ ደግሞ ስለ ላማራ የማወራው የለኝም። ሁለት ዓመት አልነበርኩም፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ ሰምታዋለች። እዚህ ከመጣሁ ከተባልኩት ሁሉ ይሄ ነው የቆረጠኝ። ሌላውን ሁሉ እንደገና እማር ይሆናል፤ ያለፉኝን ወሬዎች ግን ከየት አመጣቸዋለሁ?

ስሚኝ። ያደረግሽውን አልረሳሁም። አንሶላ ሳሰጣ ጁላይ ይመጣብኛል፣ ያኔ ጠላሁሽ ጠላሁሽ ይለኛል። የስታማቲያ ልጅ ሁለት ጊዜ ልኮ ሦስተኛውን ዘለለው፤ ጎቻ ግን በራሱ ዘይዶ አገኘልን። እንደዚህ ነው እየኖርን ያለነው፣ ከወር ወደ ወር። ኑጻ ከኩታይሲ የሚመጣው አውቶቡስ በሚያልፍበት ሰዓት አጥሩ ጋ ትቆማለች። ማንን እንደምትጠብቅ አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኳትምም። ላማራ ግን «አንቺንም እንደዚህ ነበር የምትጠብቅሽ» አለችኝ።

ግማሹ ኮክ ገና ዛፍ ላይ ነው። ነይ።

ካቱና


ኦገስት 16፣ 1998
ከኩታይሲ፣ ወደ መንደር

ልጄ ካቱና፣

እንዴት ናችሁ? ኤቴሪ ሰላም ብላችኋለች፤ ከቤቷ ልትገላገለኝ ስለሆነ ደስ ብሏታል፣ አንደብቅም።

ለምን ሄድሽ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ላማራ ለሁሉም መልሳበታለች መሰለኝ። እኔም ልመልስ። ሁለታችን በሩ ላይ ብንቆም ልጅቱ ወደኔ ነበር የምትመጣው። ያንን በዓይንሽ እንድታዪ አልፈለግኩም። ከመካከል ብወጣ ወደ አንቺ የምትሮጥ መስሎኝ ነበር። እጇን እንደ እንግዳ ዘረጋችልኝ ስትዪ ይህንንም እንዳላወቅኩበት ገባኝ። ደግሞም ፈራሁሽ። ሁለቱም እውነት ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ አትጠይቂኝ።

እስክመጣ ለመርፌው የሚሆን አንድ ወሬ ልስጥሽ። ላማራ በሠርጓ ቀን ቸኩላ የአማቷን ጫማ አጥልቃ ቤተ ክርስቲያን ገባች። አማቷ ተከትለው በባዶ እግራቸው ገቡ፤ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ጫማውን እያዩ፣ ላማራ ደግሞ ምን ሆነው ነው የሚያዩኝ እያለች፣ ወደ ቁልቁል ሳታይ ተክሊል ደፋች። ቀስ እያልሽ ንገሪያት። ተክሊል የምትደፋበት ጋ ስትደርሺ ውጊያት። ይህንን አልነገርኳትም፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ይቅር ብዬሻለሁ» የሚል ፈለግኩበት። መነጽሬን ወልውዬ ፈለግኩ። ዓይኔ ይሆናል ብዬ ኤቴሪን አስነበብኳት፤ እሷም አላገኘችም። የለም። ረስተሽው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። እኔም ብሆን አልጽፈውም ነበር።

መጨረሻው ላይ ግን «ነይ» ይላል። ኤቴሪም አይታዋለች። ያንን ቃል ይዤ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ።

ዡዡና